ባለአደራ ባለቤት አይደለም፦ ከውይይት መድረክ ጀርባ ስላሉ ሰዎች



በመምህርነት በሠራንባቸው ዓመታት አንድ የወጣቶች የውይይት መድረክ ሲጀመርም ሲፈርስም አይተናል። ወንድሞችና እህቶች በየአስራ አምስት ቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ እየተሰበሰቡ ስለ ትዳር፣ ስለ ሥራ ማጣት፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ በግልጽ ይወያዩ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቆመ። ያስቆመው የሐሳብ ልዩነት አልነበረም። የባንክ ሒሳቡ በአንድ ወንድም ስም ነበር፣ የአዳራሹ ቁልፍ ደግሞ በሌላው እጅ። ሁለቱ ሲቀያየሙ ሁሉም ነገር ቆመ። ማንም «ገንዘብ ተበልቷል» አላለም፤ አልተበላም ብሎ የሚያሳይ መዝገብም ግን አልነበረም። ጥርጣሬው ቀረ፣ ወጣቱም ተበተነ።

ያኔ ሁላችንም የምናየው መድረክ ላይ የሚናገረውን ኡስታዝ ብቻ ነበር። ከጀርባ ማን አደራውን እንደያዘ የጠየቀ አልነበረም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለነዚህ ከጀርባ ስላሉ ሰዎች፣ ማለትም ስለ ባለአደራዎች ነው።

ባለአደራ ማን ነው?

በእንግሊዝና በዌልስ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲመዘገብ የሚመሩት ሰዎች በሕግ «ባለአደራ» ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የበጎ አድራጎት ሕግ፣ የድርጅቱን አጠቃላይ አስተዳደር የሚቆጣጠሩ ሰዎች ሁሉ ባለአደራ ናቸው ይላል። የወረቀት ስማቸው «ቦርድ» ይሁን «ኮሚቴ» ለውጥ አያመጣም፤ የሚታየው የሚሠሩት ሥራ ነው። በአብዛኛው ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ። ለሥራው ያወጡትን ተገቢ ወጪ ግን ማስመለስ ይችላሉ።

ግዴታቸው በአጭሩ ሲገለጽ፦ ድርጅቱ የተቋቋመበትን ዓላማ ለሕዝብ ጥቅም መፈጸሙን ማረጋገጥ፣ ሕጉንና መተዳደሪያ ደንቡን ማክበር፣ ከራስ ጥቅም ይልቅ የድርጅቱን ጥቅም ማስቀደም፣ ገንዘቡን በኃላፊነት መያዝ፣ በጥንቃቄ መሥራት፣ ለሥራቸውም ተጠያቂ መሆን ነው። የተመዘገቡ ድርጅቶችና የባለአደራዎቻቸው ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ፣ ሰደቃ ሊሰጥ የፈለገ ሰው አስቀድሞ ማጣራት ይችላል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን «ሲቲ ሰርክል» የተባለው የለንደን ሙስሊሞች በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በለንደን በተለያየ ሙያ የተሰማሩ ወጣት ሙስሊሞች መሠረቱት። ይበልጥ የታወቀውም በጁሙዓ ምሽቶች ባዘጋጃቸው ክፍት ውይይቶች ነው። ሙያተኞቹ ጊዜያቸውን በነፃ እየሰጡ፣ ሙስሊሙ በሚኖርበት አገር ስላለበት ኃላፊነትና ስለ ራሱ ችግሮች በአደባባይ እንዲነጋገር አደረጉ።

ነገሩ ለእኛ አዲስ ነውን?

አይደለም። ኡመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በኸይበር መሬት ባገኙ ጊዜ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) አማከሩ። መሬቱ ሳይሸጥ፣ ሳይሰጥ፣ ሳይወረስ ተይዞ ፍሬው ለድሆች፣ ለዘመድ፣ ለመንገደኛና ለመሰሎቻቸው እንዲውል ተደረገ። አስተዳዳሪው በአግባቡ ከፍሬው እንዲመገብ ተፈቀደለት፤ ሀብት እንዲያካብትበት ግን አልተፈቀደም። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ የወቅፍ መሠረት ነው። የወቅፍ አስተዳዳሪ ናዚር ወይም ሙተወሊ ይባላል። ንብረቱ በእጁ ነው፣ ግን የእርሱ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ በሕግ የተጻፈው ብዙው ነገር እኛ አማና ብለን የምናውቀው ነው።

የውይይት መድረክ ልዩ ፈተና

ምግብ የሚያከፋፍል ድርጅት ስንት ሰው እንዳበላ ይቆጥራል። መድረክ የሚያዘጋጅ ግን የሚጠብቀው አደራ አመኔታ ነው። ስለዚህ የባለአደራዎቹ ፈተና ከሒሳብ ይሻገራል። ማን ይጋበዛል? የማይስማማን ሐሳብ ያለው ሰው ይናገራል? ገንዘብ የሰጠ ነጋዴ ርዕስ መምረጥ ይችላል? በእንግሊዝ ሕግ የበጎ አድራጎት ድርጅት የፖለቲካ ፓርቲን ወይም ዕጩን መደገፍ አይችልም። ባለአደራዎቹ መድረኩ የአንድ ወገን መሣሪያ እንዳይሆን የሚጠብቁት ለዚህም ጭምር ነው። ጥሩ ባለአደራ ውይይቱን ራሱ አይመራም፤ ውይይቱ ያለ ፍርሃት እንዲካሄድ በሩን ይጠብቃል።

በአገራችንስ?

በ2011 ዓ.ል. የወጣው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 በቦርድ የሚመራ ድርጅት ማቋቋም ይፈቅዳል። ድርጅቱ ትርፍ ለመከፋፈል የሚቋቋም አይደለም፤ ዓመታዊ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ማቅረብ አለበት። ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ በላይ ለአስተዳደር ወጪ ማዋል አይችልም። እንግዲህ ወጣቶቻችን መድረካቸውን በአንድ ሰው ኪስና በአንድ ሰው ስልክ ላይ ከመመሥረት ይልቅ የሕጉን መንገድ መጠቀም ይችላሉ።

ምን እንጠይቅ?

በአካባቢያችን ያለ ማንኛውም መድረክ ገንዘብም ሆነ ጊዜ ሲጠይቀን እነዚህን ጥያቄዎች በአደብ ማቅረብ መብታችን ነው።

1. ባለአደራዎቹ እነማን ናቸው? ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ወይም የአንድ ጓደኛሞች ስብስብ ናቸው?
2. የባንክ ሒሳቡ በድርጅቱ ስም ነው? ገንዘብ ለማውጣት ከአንድ በላይ ፊርማ ያስፈልጋል?
3. የዓመቱ ሒሳብ የት ይታያል?
4. ባለአደራ የሚመረጠውና የሚለቀቀው እንዴት ነው? የሥራ ዘመን አለው?
5. ባለአደራው ዘመዱን ሊቀጥር ወይም አዳራሹን ሊያከራይ ሲፈልግ ከውሳኔው ይወጣል?
6. እህቶች በውሳኔ ላይ ድምፅ አላቸው ወይስ ሻይ በማዘጋጀት ብቻ ነው የሚታወቁት? ኡመር (ረ.ዐ) የወቅፋቸውን ክትትል ለልጃቸው ለሐፍሷ (ረ.ዐ) አደራ ማለታቸውን በአቡ ዳውድ ዘገባ እናነባለን።

እነዚህን መጠየቅ በወንድም ላይ መጥፎ መጠርጠር አይደለም። ሐቀኛ ባለአደራ ሒሳቡን ሲያሳይ ስሙን ከሐሜት ይጠብቃል፤ የተጠየቀውም ከመናደድ ይልቅ ደስ ሊለው ይገባል። ያ መጀመሪያ ያነሳነው መድረክ ሁለት ፊርማና አንድ መዝገብ ቢኖረው ኖሮ ምናልባት ዛሬም በቆመ ነበር። የተቀያየሙት ሁለቱም ወንድሞች ደጋግ ነበሩ። ደግነታቸውን የሚደግፍ ሥርዓት ግን አልነበራቸውም።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን።

ወላሁ አዕለም።