ዲፕሎማ ወይስ ሰርተፊኬት? የልዩ ፍላጎት ተማሪ የሃይስኩል ዕቅድ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጅ የሚያሳድጉ ብዙ ወገኖቻችን «አይኢፒ» የሚባለውን ነገር ያውቁታል። ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ልጅ በየዓመቱ የሚዘጋጅ የትምህርት ዕቅድ ነው፤ ሲፈርሙበትም ዓመታት ያስቆጠሩ አሉ። ልጁ ትንሽ ሳለ ዕቅዱ ስለ ማንበብ፣ ስለ መናገር፣ ተረጋግቶ ስለ መቀመጥ ያወራል። ሃይስኩል ሲቃረብ ግን ሁሉም ነገር በአንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል፦ ይህ ልጅ 22 ዓመት ሲሞላው የት ነው የሚውለው? ኮሌጅ፣ ሥራ ወይስ ቤት? የአራቱ ዓመት ትምህርት መታቀድ ያለበት ከዚያ ተነስቶ ወደ ኋላ ነው። የሚያሳዝነው፣ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ለወላጅ በግልጽ አይቀርብም። መልሱ ግን በ7ኛ ወይም በ8ኛ ክፍል፣ በረጅም ቅጽ መሀል ባለች አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎ ያልፋል።

የነገሩ መሠረት በ1975 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ የፈረሙት የፌዴራል ሕግ ነው። ከዚያ በፊት አካል ጉዳተኛ ልጅን «አንችለውም» ብሎ መመለስ የተለመደ ነበር። ሕጉ በ1990 አሁን የሚታወቅበትን «አይዲያ» የሚለውን ስም አገኘ፣ በ2004 ደግሞ ታደሰ። ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው በዕቅዱ ውስጥ ከሃይስኩል በኋላ ስለሚኖረው ሕይወት የሚናገር ክፍል እንዲገባ ያዛል፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከ14 ዓመት ይጀምራሉ። ስለ ቀጣይ ትምህርትና ሥልጠና፣ ስለ ሥራ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ራስን ችሎ ስለ መኖር ግብ ይጻፋል። ይህ በሚወራበት ስብሰባ ላይ ልጁ ራሱ መጋበዝ አለበት። የእኛ ሰው «እሱ ምን ያውቃል» ብሎ ልጁን ትቶ መምጣት ይቀናዋል። ልጁ ግን ጫጫታ እንደማይችል፣ ምግብ ማብሰል እንደሚወድ፣ የትኛው መምህር እንደሚገባው ከማንም በላይ ያውቃል።

አሁን ወደ ሳጥኗ እንመለስ። ሃይስኩል የሚጨረስባቸው መንገዶች በመሠረቱ ሁለት ናቸው። አንደኛው መደበኛው ዲፕሎማ ነው፤ ሜሪላንድ ለዚህ 21 ክሬዲት ትጠይቃለች፣ ቨርጂኒያ ደግሞ 22። ሁለተኛው መንገድ በሜሪላንድ ፕሮግራሙን ማጠናቀቅን የሚያረጋግጥ ሰርተፊኬት ያሰጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ «አፕላይድ ስተዲስ ዲፕሎማ» ይባላል። ስሙ ወላጅን ያሳስታል፤ ዲፕሎማ ይባል እንጂ ከመደበኛው ጋር እኩል አይቆጠርም። ልጁ ሲመረቅ ጋዋን ይለብሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ዘመድ ይሰበሰባል። በዓመቱ ኮሌጅ ሲያመለክት ነው ልዩነቱ የሚገለጠው።

ሁለተኛው መንገድ ክፉ ነው ለማለት አይደለም። ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ልጅ አልጀብራ ላይ አራት ዓመት ከሚያባክን፣ ገንዘብ መቁጠርና ብቻውን አውቶቡስ መሳፈር ቢለምድ ይጠቅመዋል። እኔ የምቃወመው ወላጅ ሳያውቀው ሲወሰን ነው። ወደዚህ መንገድ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ «አማራጭ ፈተና» የሚባለው ሲሆን፣ የታሰበውም በጣም ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ብቻ ነው። በ2015 የወጣው የፌዴራል ትምህርት ሕግ በአንድ ስቴት በዚህ የሚፈተኑት ከጠቅላላው ተፈታኝ 1 በመቶ እንዳይበልጡ ገድቧል። ስለዚህ ልጅዎ በ6ኛ ክፍል በአማራጭ ፈተና እንዲፈተን ከተጠየቁ «ይህ ዲፕሎማውን ይነካበታል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ትምህርት ቤቱም መልሱን የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ። ልጅን መርዳት በሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ትምህርቱን ሳይነኩ መንገዱን ማመቻቸት ነው፤ ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት መስጠት፣ ጥያቄውን አንብቦ ማሰማት፣ መልሱን በኮምፒውተር እንዲጽፍ መፍቀድ። ሌላው ትምህርቱን ራሱን ማቅለል ነው፤ የክፍል ጓደኞቹ ሙሉ ልብ ወለድ ሲያነቡ እሱ የታጠረውን ቅጂ ያነባል፣ እነሱ እኩልታ ሲፈቱ እሱ መደመር ይሠራል። የመጀመሪያው ክሬዲት አያስቀርም። ሁለተኛው ግን ሲበዛ ልጁ የወሰደው ትምህርት ለዲፕሎማ የሚቆጠር መሆኑ ይቀራል። በሪፖርት ካርዱ ላይ ኤ ሲደረደር ያየ ወላጅ ይህን አይጠረጥርም፤ ኤው ያቀለሉት ትምህርት ውጤት ሊሆን እንደሚችል ማን ነግሮት?

እንግዲህ በቅርብ እንየው። እንበል ልጁ 14 ዓመቱ ነው፣ የሚያነበው በ4ኛ ክፍል ደረጃ ነው፣ ሒሳብ ይከብደዋል፣ ወጥ ቤት ግን ነፍሱ ነው። ወላጆቹ መደበኛውን ዲፕሎማ ይፈልጋሉ፤ እሱም ሆቴል መሥራት ይመኛል። የእንግሊዝኛ ትምህርቱን ሁለት መምህራን አብረው በሚያስተምሩበት መደበኛ ክፍል ይወስዳል፤ አንደኛዋ የልዩ ፍላጎት መምህር ናት። በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ለብቻው ንባብ ይለማመዳል። አልጀብራን ትምህርት ቤቱ ከፈቀደ በሁለት ዓመት ከፍሎ ይወስዳል። 9ኛ ላይ የምግብ ዝግጅት ትምህርት ይጀምርና 11ኛ ሲደርስ ግማሽ ቀኑን በካውንቲው የሙያ ማዕከል ያሳልፋል። ክሬዲቱ በየዓመቱ መጨረሻ ይቆጠራል፤ 12ኛ ክፍል ላይ ሁለት ጎድሎ መገኘቱን በሚያዝያ ማወቅ ለማንም አይጠቅምም። ባይደርስለትስ? አምስተኛ ዓመት መጨመር ይቻላል፤ ሕጉ አገልግሎቱን እስከ 21 ዓመት ያስኬዳል።

የግቡ አጻጻፍም መታየት አለበት። «ንባቡን ያሻሽላል» ተብሎ የተጻፈ ግብ ተሳካ አልተሳካ የሚባልበት መለኪያ የለውም። «በ5ኛ ክፍል ደረጃ የተጻፈ አንድ ገጽ አንብቦ ከ5 ጥያቄዎች 4ቱን ይመልሳል፤ ይህንንም በተከታታይ 3 ጊዜ ያሳያል» ሲባል ግን መምህሯም እርስዎም በኅዳርና በመጋቢት አንድ ነገር ታያላችሁ። አምና የተጻፈው ግብ ዘንድሮ ቃል በቃል ተገልብጦ ከመጣ፣ ልጁ አልተማረም ወይም ዕቅዱ አልተሠራበትም። በ2017 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኮሎራዶ ኦቲዝም ባለበት ልጅ ጉዳይ ላይ 8 ለ 0 ሲወስን፣ ዕቅዱ ከልጁ ሁኔታ ጋር የሚመጣጠን እድገት እንዲያመጣ ታስቦ መዘጋጀት አለበት ብሏል። የዚያ ልጅ ወላጆች ቅሬታ ግቦቹ ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጡም የሚል ነበር።

ከአገር ቤት በ15 ዓመቱ በዲቪ ለመጣ ልጅ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይቀድማል። ዝም ያለው እንግሊዝኛ ስላልገባው ነው ወይስ ሌላ ችግር አለበት? ሕጉ እንግሊዝኛ አለመቻል ወይም ቀድሞ በአግባቡ አለመማር ዋናው ምክንያት ከሆነ ልጁ ልዩ ፍላጎት አለበት እንዳይባል ይከለክላል። ምርመራው በተቻለ መጠን ልጁ በሚችለው ቋንቋ መሆን አለበት። በአማርኛም ማንበብ ይቸግረው እንደነበረ የሚያውቁት እርስዎ ስለሆኑ ይህን ይናገሩ። «ሰው ምን ይላል» ተብሎ የተደበቀ ነገር መርማሪውን ያሳስታል።

መደበኛው ዲፕሎማ እጅ ሲገባ የልዩ ትምህርት አገልግሎቱ ያበቃል። ሰርተፊኬት ግን አያስቆመውም። አንዳንድ ቤተሰብ ልጁን በ18 ለማስመረቅ ይቸኩላል፣ ከዚያ የሥራ ሥልጠናውን ራሱ ሲፈልግ ይውላል። ብዙ ስቴቶች ውስጥ ልጁ 18 ሲሞላ የመፈረም መብቱም ወደ እሱ ይተላለፋል፤ በሜሪላንድ ይህ የሚሆነው በተወሰኑ ሁኔታዎች ብቻ ነው። ኮሌጅ የገባ ልጅ አይኢፒ የለውም፤ የፈተና ሰዓት ይጨመርለት ይሆናል፣ ትምህርቱን ግን ማንም አያቀልለትም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ወጣቶች የተለየ ፕሮግራም የከፈቱ ኮሌጆች አሉ፤ ቅርባችን ያለው በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2008 ከወጣው የፌዴራል ሕግ ወዲህ መንግሥት ባጸደቃቸው እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የገባ ተማሪ መደበኛ ዲፕሎማ ባይኖረውም የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከት ይችላል።

ለአይኢፒ ስብሰባው አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ታላቅ እህቱን ወይም ልጁን ራሱን ማስተርጎም አይገባም። በሜሪላንድ የሚወያዩበት ሰነድ ከስብሰባው 5 የሥራ ቀን ቀደም ብሎ ሊደርስዎት ይገባል። ቋንቋዎ ከካውንቲው ተማሪዎች ከ1 በመቶ በላይ የሚናገሩት ከሆነ ያለቀው ዕቅድ እንዲተረጎምልዎ መጠየቅ ይችላሉ። እዚያው ሜሪላንድ ልጁን ወደ አማራጭ ፈተና ወይም ዲፕሎማ ወደማያሰጥ ፕሮግራም ለማስገባት የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ሆኖም ከስብሰባው በኋላ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ምንም ካልመለሱ ትምህርት ቤቱ ውሳኔውን ሥራ ላይ ማዋል ይችላል። ስለዚህ አልተስማሙም እንደሆነ ይጻፉ፣ ቅጂውን ያስቀሩ። ክርክሩ ካልበረደ ስቴቱ አስታራቂ ይመድባል፤ ወላጅ አይከፍልበትም።