ከሳሽ ማን ይሁን? የዋሽንግተን ፍርድና የቆቦ ስንዴ



ከእናንተ በሚደርሱን ደብዳቤዎች አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ይመጣል። ዋሽንግተን የተቀመጡ ዳኞች የሚሰጡት ፍርድ፣ በቆቦ ሜዳ ማሽላው ለደረቀበት ገበሬ ምኑ ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ብንሆን እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ እምብዛም አላሰብንበትም ነበር። ስንዴው በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ በከባድ መኪና ኮምቦልቻ ይመጣል፤ ከዚያም በወልድያ በኩል ወደ ቆቦ ይወርዳል። የእኛ ጭንቀት መንገዱና መጋዘኑ ነበር እንጂ ፍርድ ቤቱ አልነበረም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ልናስረዳችሁ ወደናል። ቀኖቹን በአገራችን አቆጣጠር እንጽፋለን።

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የአሜሪካ የውጭ ልማት ዕርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም አዘዙ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ለዕርዳታ ድርጅቶች «ሥራ አቁሙ» የሚል ደብዳቤ ደረሰ። ለአስቸኳይ የምግብ ዕርዳታና ሕይወት ለማዳን ለሚውል ሥራ ልዩ ፈቃድ እንደሚሰጥ ቢነገርም፣ ክፍያው ተቋርጦ ስለነበር ፈቃዱ በብዙ ቦታ ከወረቀት አላለፈም። በራያ ቆላ ብዙ ቤት ውስጥ ማሽላ የሚቀመጥበትን፣ ሁለት እጆች ሲጨባበጡ የሚታዩበትን ማዳበሪያ የምታውቁ ሁሉ የዚያ ዕርዳታ ስፋት ይገባችኋል። ስንዴው ካለቀ ከዓመታትም በኋላ ከረጢቱ ያገለግላል።

ሥራቸውን ሠርተው ገንዘባቸውን ያልተቀበሉ ድርጅቶች መንግሥትን ከሰሱ። ክርክራቸው ለማንም የሚገባ ነው። ገንዘቡን የመደበው የሕዝቡ ምክር ቤት፣ ኮንግረስ ነው፤ ምደባውም ሕግ ሆኖ ወጥቷል፤ ሕግን የሚያስፈጽም ባለሥልጣን ሕጉን አልወደድሁትም ብሎ ሊያስቀረው አይችልም የሚል ነው። በዋሽንግተን የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ አሚር አሊ የካቲት 6 ቀን እገዳውን ለጊዜው አነሡት። መንግሥት ገንዘቡን ባለመልቀቁ ጉዳዩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወጣ፤ የካቲት 26 ቀንም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ድምፅ ለአራት፣ ለተሠራ ሥራ የሚከፈለው ሁለት ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፈል የተሰጠውን ትእዛዝ አላግድም አለ። በዚያ ሳምንት እፎይ ካሉት አንዱ እኛ ነበርን። ዳሩ ግን ገና የጎርፉ መጀመሪያ ነበር። ሰኔ 24 ቀን የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ዕርዳታ ማስተዳደሩን አቆመ፤ የቀረው ሥራ ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ተላለፈ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። በአሜሪካ ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና አንድ ሕግ አለ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ምክር ቤቱ የመደበውን ገንዘብ አላወጣም እያሉ ስላስቸገሩ የወጣ ነው። በሕጉ መሠረት ፕሬዚዳንቱ አንድ ወጪ እንዲሰረዝ ከፈለጉ ምክር ቤቱን ይጠይቃሉ፤ ምክር ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ ካልተስማማ ገንዘቡ ይወጣል። ገንዘቡ ያላግባብ ከተያዘም ለምክር ቤቱ የሚሠራው ዋና ተቆጣጣሪ ክስ ሊያቀርብ ይችላል። ነሐሴ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሁለት ድምፅ ለአንድ የፈረደው በዚህ ላይ ነው። ይህን ሕግ ተመርኩዞ መክሰስ የሚችለው ያ ተቆጣጣሪ ነው እንጂ ዕርዳታ ሰጪ ድርጅቶቹ አይደሉም አለ። በዚያው ወር መጨረሻ ፕሬዚዳንቱ ወደ አምስት ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የውጭ ዕርዳታ እንዲሰረዝ ጠየቁ። የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ 45 ቀን ስላልቀረው ምክር ቤቱ ዝም ቢልም ገንዘቡ ጊዜው አልፎበት ይቀራል ማለት ነው። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአገራችን ደመራ በሚደመርበት ዕለት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በስድስት ድምፅ ለሦስት አራት ቢሊዮን ዶላር ያህሉ ተይዞ እንዲቆይ ፈቀደ። የመጨረሻ ፍርድ አይደለም ብሎ ጽፏል፤ ነገር ግን የበጀት ዓመቱ አራት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር።

እንግዲህ አስተውሉ። ሁለቱ የኋለኞቹ ፍርድ ቤቶች ለከሳሾቹ የሰጡት መልስ፣ «መንግሥት ትክክል ነው» የሚል አልነበረም። የተባሉት፣ «እናንተ ይህን ለመጠየቅ ተገቢው ሰው አይደላችሁም» ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለችውን መበለት እናስታውስ። ዳኛው እግዚአብሔርን የማይፈራ፣ ሰውንም የማያፍር ነበር፤ ብዙ ጊዜም አሻፈረኝ ብሏት ነበር። ሆኖም «አንቺ በዚህ ደጅ ልትቆሚ አይገባሽም» አላላትም። ስለዚህ ተመላልሳ ልታደክመው ቻለች። የደጁ መከፈት ከዳኛው ደግነት ይልቅ ጠቀማት።

በዚያው ሰሞን የተሰጡ ሌሎች ሁለት ውሳኔዎችም ከዚህ ጋር ይያያዛሉ። ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ዳኛ የሚሰጠው እግድ ከሳሾቹን ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው አልፎ በመላው አገር ሊጸና አይገባም አለ። ብዙዎች በኅብረት ሆነው መክሰስ ግን ይችላሉ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ፣ ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው በዋነኛ የሕገ መንግሥት ሥልጣኑ ለፈጸመው ነገር ፈጽሞ በወንጀል እንደማይከሰስ፣ በሌላውም የመንግሥት ሥራው በመጀመሪያ ግምት ከክስ እንደሚጠበቅ ፈረደ። ለግል ሥራው ግን ከለላ የለውም።

ይህን የመጨረሻውን ስናነብ ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት «ይህስ ለእኛ አዲስ አይደለም» አሉ። እውነታቸውን ነው። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 62 ንጉሠ ነገሥቱን ማንም ሊከስ እንደማይችል ይደነግግ ነበር። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ግን የአንቀጹን ሁለተኛ ክፍል ነው። በአገሪቱ የሚኖር ማንኛውም ሰው፣ ከባድ ጉዳት ካደረሰበት፣ መንግሥትን ወይም ማንኛውንም ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት በፍርድ ቤት ሊከስ ይችላል ይላል። በወረቀት ላይ እንግዲህ የራያና ቆቦ አውራጃ ገበሬ የግብርና ሚኒስቴርን መክሰስ ይችል ነበር።

በ1965 ዓ.ም. የሆነውን ታውቃላችሁ። ዝናቡ ቀረ፤ ገበሬው በሬውን ሸጠ፤ ከዚያም ቤተሰቡን ይዞ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉት ከተሞች፣ ቆቦም አንዷ ሆና፣ በተራቡ ሰዎች ተሞሉ። ሰብሉ መክሸፉን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አስቀድመው ያውቁ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው መጡ፤ ነገሩ ግን በአደባባይ እንዲነገር አልተፈለገም። ዓለም የሰማው ጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን በቴሌቪዥን ካሳየ በኋላ ነው። እስከዚያው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አልቆ ነበር። በኋላ የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እንዳመለከተው፣ በአገሪቱ የነበረው እህል በጠቅላላው ያን ያህል አልቀነሰም ነበር፤ የወሎ ገበሬ የሚገዛበት አልነበረውም እንጂ። ይህን ያህል በደል ሲፈጸም በአንቀጽ 62 የከሰሰ የራያ ገበሬ ስለመኖሩ የሰማነው ነገር የለም። እንዴትስ ይከሰስ? ዳኝነት የሚከፈልበት ገንዘብ፣ ጠበቃ፣ ስንቅ፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ ያስፈልጋል።

በ1966 ዓ.ም. ጥፋተኛውን የሚለይ መርማሪ ኮሚሲዮን ተቋቋመ። በአሜሪካ ያ የበጀት ሕግ የወጣበት ዓመት መሆኑ ያስገርማል። ባለሥልጣኖች እየቀረቡ ተጠየቁ፤ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ሹም ሲጠየቅ ማየት የመጀመሪያቸው ነበር። ነገር ግን ኮሚሲዮኑ ሥራውን ሳይፈጽም፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ስልሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ስለ ረሃቡ መልስ መስጠት የነበረባቸውም በዚያ ነበሩ። የተራበው ሕዝብ የሚገባውን ፍርድ ሳይሰማ ቀረ፤ የሞቱትም ሳይፈረድባቸው ሞቱ። እኛ ይህን ተጠያቂነት ብለን ልንጠራው አንችልም። ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያው ምድር ረሃቡ ሲመለስ መንግሥት የአብዮት በዓል እያከበረ ነበር።

ዛሬ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 89 መንግሥት የተፈጥሮም ሆነ ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ የመከላከል፣ ሲደርስም ለተጎጂው ዕርዳታ በወቅቱ እንዲደርስ የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። አንቀጽ 12 ሹም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ነው ይላል። አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ማቅረብን ለማንኛውም ሰው ይፈቅዳል። በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤት በሰጠው ውሳኔ የተጎዳ ሰው ፍርድ ቤት እንዲመረምርለት ሊጠይቅ ይችላል። መልካም ነው። ይሁንና አንቀጽ 89 ያለው የፖሊሲ ዓላማዎች በሚለው ምዕራፍ ውስጥ በመሆኑ፣ አንድ ገበሬ ዕርዳታ ዘገየብኝ ብሎ በእርሱ ብቻ ሊከስ መቻሉ አከራካሪ ነው፤ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣንም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው እንጂ የፍርድ ቤት አይደለም።

ሌላ መንገድ እንደሚቻል ያሳየችው ህንድ ናት። በራጃስታን ሰው ሲራብ የመንግሥት ጎተራዎች ሞልተው ነበር። አንድ የሲቪል መብቶች ማኅበር ስለ ተራቡት ሆኖ ከሰሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ኅዳር 1994 ዓ.ም. የመንግሥት የምግብ ፕሮግራሞች ለሕዝቡ የሚገቡ መብቶች ናቸው ብሎ፣ በትምህርት ቤቶች የበሰለ ምሳ እንዲሰጥ አዘዘ። ደጁ ስለ ሌላው ለሚጮኽም ተከፈተ ማለት ነው።

ለቆቦ ገበሬ ግን ቅርቡ ችሎት ዴልሂም ዋሽንግተንም፣ አዲስ አበባም አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ ማን እንደሚታቀፍ የሚለየው ዝርዝር በሕዝብ ፊት እንዲነበብ፣ የተዘለለ ሰውም ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲያመለክት ተደነገገ። ኮሚቴው ካልፈታው ወደ ወረዳ ይሄዳል። እኛም ራሳችን ከዚህ ደጅ ውጭ እንዳንሆን እንጠንቀቅ። ሰኔ 2015 ዓ.ም. አሜሪካና የዓለም የምግብ ፕሮግራም ስንዴው ላልታሰበለት እየዋለ ነው ብለው በመላው ኢትዮጵያ ማደሉን ሲያቆሙ፣ ለወራት የተራበው ስርቆቱን ያላየው ድኻ ነው። ዕርዳታ ሰጪ ሁሉ፣ የክርስቲያን ስም የያዘውም ጭምር፣ «ለምን?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ባለፈው ጊዜ በቆቦ ቆላ ባለ አንድ ቀበሌ ዝርዝሩ በግራር ጥላ ሥር ሲነበብ በዚያ ነበርን። አንዲት እናት ካርዳቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ስማቸው ሁለት ወር ሳይጠራ ቀርቷል። አንዱ ወጣት ሠራተኛችን አዝኖ፣ «እማማ፣ ግድ የለም፣ እኛ ካለን ላይ እንሰጥዎታለን» አላቸው። እርሳቸው ግን፣ «ተባረክ ልጄ። ስንዴውን አልጠላሁም። ግን ለምን እንደቀረሁ ይነገረኝ» አሉት። ወደ ኮሚቴው ወሰድናቸው። መዝገቡ ሲገለበጥ የአባታቸው ስም በስሕተት ተጽፎ፣ የሌላ ሰው መስሎ ተሰርዞ ተገኘ። ጸሐፊው አረመው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 15 ኪሎአቸውን ይወስዳሉ። ስለ ያለፈው ሁለት ወር ለወረዳው ተጽፏል፤ ግልባጩን በነጠላቸው ጫፍ ከካርዱ ጋር ቋጥረው ሄዱ። መልሱ እስካሁን አልመጣም።