መንጠቆው ከውኃ፣ እግሩ ከደረቅ መሬት

ባለፈው ጥር፣ በግማሽ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት፣ የአሥር ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ወደ ዝዋይ ወረድኩ። ከተማዋ ዛሬ ባቱ ብትባልም እኔ የለመድኩትን ስም መተው አልቻልኩም። ልጁ ዓሣ ማጥመድ ካልተማርኩ ብሎ ሁለት ወር ሙሉ ነዝንዞኛል። መንጠቆና ክር ገዝተን፣ ትል ከጓሮ ቆፍረን በጣሳ ይዘን ነው የሄድነው።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ አራት የመንደር ልጆች ቄጤማው መሀል እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ያጠምዳሉ። የእኔም ልጅ ወዲያው ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። «ተው! እንዳትገባ!» ብዬ ስጮህ ጀልባ የሚያስሩት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ልጁ አፍሮ፣ «እማማ፣ እነሱስ ገብተው የለ?» አለኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነበር። መልሱን ግን እኔ ራሴ ያወቅኩት በስህተት ነው።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ባንዱ አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። አንድ ዓሣ አስጋሪ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። ልጁ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ አልፎ አልፎ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አለው። እኔም እንደ ልማዴ የአሜባ መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘሁት። በወሩ ተመለሱ፤ ያንኑ ደገምኩለት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ አባትየው፣ «ሲስተር፣ አይጨነቁ፤ እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነበርኩ። የሐይቅ ልጅ ወጉ ነው» አለኝ። ይህን ስሰማ ነው ደንገጥ ያልኩት። ቀድሞ ማዘዝ የነበረብኝን የሰገራ ምርመራ ያን ቀን አዘዝኩ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ጠርቶ በማይክሮስኮፑ አሳየኝ፤ ጎኑ ላይ እሾህ ያለው ሞላላ እንቁላል። ቢልሃርዝያ ነበር።

ልጁ ፕራዚኳንቴል ወስዶ ዳነ። አባትየውን ግን አስተኝቼ ሆዱን ስዳብስ ጣፊያው አብጦ እምብርቱ ድረስ ወርዷል። ወደ ሆስፒታል ላክነው። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትሉ ያለበት ሰው ሐይቅ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ውኃው ውስጥ ይገባል። እዚያ ተፈልፍሎ የተወሰነ ዓይነት ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባና ለሳምንታት ይራባል። ከዚያ በዓይን የማይታዩ እጮች በሺህ እየሆኑ ይወጣሉ። የሰው ቆዳ ካገኙ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስረው ይገባሉ፤ ቁስልም ሆነ ጭረት አያስፈልጋቸውም። ቀንድ አውጣው የሚወደው ደግሞ ጸጥ ያለውን፣ ጥልቀት የሌለውንና ሣር የበዛበትን ዳር ነው፤ ማለትም ልጆች ለማጥመድ የሚመርጡትን ቦታ። እጮቹ በብዛት የሚወጡትም ፀሐይ ሲበረታ ነው፤ ልጆች ውኃ የሚያምራቸውም ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ዶክተር አክሊሉ ለማን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየና እንዶድ እንደሚገድላቸው ለዓለም አሳወቀ። እናቶቻችን ለነጠላ ማንጫ ብቻ ነበር የምናውቀው!

ታዲያ ልጅ ዓሣ አያጥምድ ማለቴ አይደለም። መንጠቆ ይዞ ሁለት ሰዓት ዝም ብሎ የሚቀመጥ ልጅ በዚህ በስልክ ዘመን ከየት ይገኛል? ያጥምድ፤ ግን ከግንብ፣ ከእንጨት መወጣጫ ወይም ከጀልባ ላይ ሆኖ። ጀልባ ከሆነ መንሳፈፊያ ጃኬት ሳያደርግ አይሳፈር፤ ጀልባ ነጂው «ልማዳችን ነው» ቢልም አትስሙት። ጫሞ ላይ አዞ፣ ዝዋይና ሐዋሳ ላይ ጉማሬ እንዳለም አትርሱ። የአዋሽ ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረው የቆቃ ሰው ሠራሽ ሐይቅም ቢሆን እግር መንከሪያ አይደለም።

ልጁ ሳታዩት ውኃ ውስጥ ገብቶ ቢገኝ ቶሎ በፎጣ አሽታችሁ አድርቁት፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ አትተማመኑ። ቆዳው ቢያሳክከው፣ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና ሳል ቢይዘው ለሐኪሙ «ሐይቅ ገብቶ ነበር» በሉት። ይህች አንዲት ቃል ካልተነገረች ሕመሙ ታይፎይድ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ምንም ምልክት ባይኖርም ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ሰገራው ይመርመር፤ ከዚያ በፊት እንቁላሉ ላይታይ ይችላል። መድኃኒቱ በክብደት ተለክቶ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ቀን ነው። ሐይቅ አቅራቢያ ባሉ ትምህርት ቤቶች በዘመቻ ሲሰጥም ልጆቻችሁን አታስቀሩ።

ስለ መብሉም ጥቂት ልበል። ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሁሉ ጥሬ ዓሣ በአዋዜ ሲበላ አይቷል። አዋቂ የሚያደርገውን ያድርግ፤ ለልጅ ግን አታጉርሱ። በእኛ ሐይቆች ዓሣ ውስጥ ትል ይገኛል፤ የሚገድለው በደንብ የበሰለበት እሳት እንጂ ሚጥሚጣ አይደለም። በሐዋሳ ሐይቅ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ትልልቁ ቢልጫ ከቆሮሶ ይልቅ ብዙ ሜርኩሪ እንደሚይዝ አሳይተዋል። ስለዚህ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ቆሮሶን ምረጡ። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው በእኛ ቤት አይገባም፤ ስለዚህ ስለ እሱ ዝም ልበል። ለትንንሾቹ ፊሌቶውንም ቢሆን በጣት እየዳበሳችሁ እሾሁን ልቀሙ። እሾህ ጉሮሮ ላይ ቢቀር በደረቅ እንጀራ ለመግፋት አትሞክሩ፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ወደ ዝዋዩ ቀን ልመለስ። አንድ ሽማግሌ አስጋሪ ጀልባቸው ላይ አስቀመጡንና ከመረባቸው ያወጧትን ቆሮሶ አፏን ከፍተው ለልጁ አሳዩት። አፏ ውስጥ ቢጫ እንቁላል ሞልቷል። «እናቲቱ እስኪፈለፈሉ በአፏ ይዛቸው ትዞራለች፤ ያኔ አትበላም» አሉትና መልሰው ለቀቋት። ቀዳዳው የጠበበ መረብ እየበዛ ዓሣው እንዳነሰም ነገሩኝ። አዋጁ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ መረቡም አለ።

ልጁ እስከ ቀትር አንድም አልያዘም። ስንሄድ ነው መዳፍ የምታክል ቆሮሶ የያዘችለት። ከመወጣጫው ላይ ሲስባት ከመንጠቆው አመለጠችና ዳር ላይ ወደቀች። እሱም ሳያስብ ዘሎ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ! ዓሣዋንም አላገኛት።

እግሩን በነጠላዬ አሽቼ አደረቅኩ። ቤት ስንገባ ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ መጋቢት አጋማሽ ላይ ቀይ ምልክት አደረግኩ። ቀኑ ሲደርስ እያጉረመረመ ተመረመረ። ቢልሃርዝያ አልተገኘበትም፤ ጃርዲያ ግን ተገኘበት። እሱን እንኳን በሐይቁ አላሳብብም፤ ከሰፈራችን ቧንቧ ሳይሆን አይቀርም።