ቴንስ፦ ለባት የተሠራች ኮረንቲ

ቴንስ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ሣጥን ናት። ባትሪ፣ ቀጫጭን ገመዶች፣ ከገመዶቹ ጫፍ ቆዳ ላይ የሚለጠፉ ፓዶች፤ ይኸው ነው። አጫጭር የኮረንቲ ምቶችን እየላከች ከቆዳ ሥር ያለውን ነርቭ ትቀሰቅሳለች። በባትሪ ስለምትሠራ መብራት ሄደ መጣ ግድ የላትም።

ስሟ የወጣው በሕመም ማስታገሻነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሜልዛክና ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች የመነካት ስሜት የሚያደርሱ ነርቮች ሲነቁ የሕመሙ መልእክት ሕብለ ሰረሰር ውስጥ በር እንደሚዘጋበት ጻፉ። ዎል ከሁለት ዓመት በኋላ ስዊት ከተባለ ባልደረባው ጋር ሆኖ ሐሳቡን በኮረንቲ ሞከረው፤ ከተሞከረባቸው ሰዎች መካከል ሁለቱም ነበሩ። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ፊዚዮቴራፒ የሄደ ሰው ይህን አገልግሎቷን ያውቀዋል። ለደም ዝውውር የምትሰጠው ጥቅም ግን የሚገባውን ክብር አላገኘም፤ ያገኘበትም ቦታ በተሳሳተ ምክንያት ነው።

ለምሳሌ አዳማን ተመልከቱ፤ የሹፌር ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ የሚወርደውም ከዚያ የሚመለሰውም ከባድ መኪና በዚህ ያልፋል። ከመተሐራ ሙቀት የመጣ ሹፌር ጫማውን ሲያወልቅ የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀለበት ሠርቶ ይታያል። ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ፀጉር ሠሪም እንደዚሁ። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፦ «ደሜ አይዘዋወርም።» ማሽኑ ሲለጠፍላቸው ደግሞ «ጨምርበት፣ ገና አልነዘረኝም» ይላሉ።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ነዘረ ማለት ደም ሄደ ማለት አይደለም። ኮረንቲ ደምን አይገፋም። በሴኮንድ መቶ ጊዜ ያህል የሚመታው፣ ቆዳን ውርር የሚያደርገው አሠራር ለሕመም ደህና ነው፤ ጡንቻ ካላንቀሳቀሰ ግን ለእግር ደም የሚያደርገው ጥቂት ነው። ልብ በደም ቅዳ በኩል ወደ እግር የላከችው ደም በደም መልስ በኩል ሽቅብ መውጣት አለበት። ቆመን ወይም ተቀምጠን ሳለ ይህን ዳገት በዋናነት የሚያስወጣው ባት ነው። የባት ጡንቻ ሲኮማተር መሐሉ ያሉትን ደም መልሶች ይጨምቃል፤ ደም መልሶቹ ውስጥ ደግሞ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ክዳኖች አሉ፣ ስለዚህ የተጨመቀው ደም መሄጃው አንድ ነው። ሐኪሞች ባትን ሁለተኛ ልብ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሹፌሩ መሪ ጨብጦ ሲውል ይህ ልብ ሥራ ይፈታል፤ ከደም ሥር የወጣ ውኃም ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠራቀማል።

እንግዲህ ቴንስ ለእግር ደም የምትጠቅመው ባትን ስታሠራ ነው። ፍጥነቷን በሴኮንድ ወደ ሁለት፣ ሦስት ምት አውርዱና ጉልበቷን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። የምታዩት ቁጥሩን ሳይሆን ባቱን ይሁን፦ ጡንቻው ጠብ ጠብ እያለ በዓይን መታየት አለበት፣ ሰውዬው ግን ፊቱን ማኮሳተር የለበትም። እስኪያንገበግብ የሚጨምር ሰው የሚያተርፈው ጡንቻው በሕመም ግትር ማለቱን ነው፤ ግትር ያለ ጡንቻ ደግሞ እንደተዘጋ ቡጢ ነው፣ ካልተፈታ ደም አይሞላውም። መኮማተሩ ብቻ ሳይሆን መላላቱም ሥራ ነው።

በእንግሊዝ ይኸው መርህ ወደ ሆስፒታል አልጋ ገብቷል። ጌኮ የምትባል ተለጣፊ መሣሪያ ከጉልበት ውጪ በኩል ዝቅ ብላ ያለችውን የአጥንት ጉብታ ተጠግታ፣ እዚያ የሚያልፈውን ነርቭ በሴኮንድ አንዴ ትነካዋለች፤ እግር በየምቱ ብድግ ትላለች፣ ደምም ይወጣል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ደም የመርጋት ስጋት ላለባቸው፣ ሌላው መከላከያ ለማይሆንላቸው ሕሙማን እንድትውል መክሯል።

ጡንቻ ሳይጨምቅ ደም ሥር የሚከፈትበት መንገድስ? ካዳ የተባለ የኖርዌይ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1982 የእጅና የእግር ጣታቸው በሚቀዘቅዝ ሕሙማን ላይ፣ ከቀዘቀዘው ቦታ ርቆ በዝግታ ሲያነቃ ጣቶቹ ሞቀው ለሰዓታት እንደቆዩ ጽፏል። ደስ የሚል ግኝት ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ግን እርስ በርሳቸው አልተስማሙም፤ ስለዚህ በዚህ ብቻ ተስፋ አልሰጥም።

አገራችን ለኮረንቲ ሕክምና እንግዳ አይደለችም። ጀርመናዊው ምሁር ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪኩ፣ አበሾች እየተመላለሰ የሚነሳ ትኩሳትን በሚያደነዝዝ ዓሣ እንደሚያክሙ ይነግረናል፦ ሕመምተኛውን ከጠረጴዛ ጋር ጥፍር አድርጎ ማሰር፣ ዓሣውን መገጣጠሚያዎቹ ላይ ማስነካት። በአባይ ተፋሰስ የሚኖረው ኮረንቲያም ዓሣ የዝዋይና የቆቃ አምባዛ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ትልቁ ከሦስት መቶ ቮልት በላይ ይረጫል። ቅድም «ጨምርበት» ያሉትን ሰዎች ከዚያ ጠረጴዛ ጋር ማገናኘት ያምረኛል።

አንድ የተሳቢ ሹፌር፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነውና፣ «ዶክተር፣ እየነዳሁ ልለጥፈው?» አለኝ። «ጋሼ፣ ቀኝ እግርዎ ነዳጅ መስጫው ላይ ሆኖ በሴኮንድ ሦስቴ ጠብ ጠብ ሲል አስበውታል?» አልኩት። ሳቀ፤ ማሰቡን ግን እጠራጠራለሁ። መኪና አቁሞ ተረከዙን ብድግ ዝቅ ማድረግና ጥቂት መራመድ ይኸንኑ ሥራ በነፃ ይሠራል። ቴንስ የምትፈለገው መራመድ ላልቻለ፣ አልጋ ለያዘ፣ እግሩ ለዛለ ነው።

የልብ ምት አስተካካይ ፔስሜከር የተገጠመለት ሰው አይንካት። አንገት ፊት ለፊት፣ ነፍሰ ጡር ሆድ ላይ፣ ቁስል ላይ አትለጠፍም። አንዱ እግር ብቻ ድንገት አብጦ፣ ሞቆ፣ ካመመ የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና ማሽኑን ትቶ ወደ ሆስፒታል ነው። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ከደነዘዘ ኮረንቲው ሲያቃጥለው አይሰማውም፤ ሶደሬ ፍል ውኃ ውስጥ እግሩን ነክሮ ሲላጥ የማይታወቀው ሰውም ይኸው ነው። «ለኔ ምንም አይለኝም» ማለቱ ጉልበት መጨመሪያ ምክንያት ሳይሆን ማጥፊያ ምክንያት ነው።

ፓዶቹን በተመለከተ ደግሞ፦ ቫዝሊን የተቀባ እግር ላይ አትለጥፉ። የአዳማ አቧራ ጄሉን በቶሎ ይጨርሰዋል፣ ስለዚህ ቆዳውን አጥባችሁ አድርቁ፣ ስትጨርሱ የፓዱን ላስቲክ መልሱበት። ጠርዙ የተነሳ ፓድ ኮረንቲውን በቀረችው ትንሽ ቦታ ላይ ሰብስቦ ይቆነጥጣል፤ ያን ጊዜ ሰዉ ማሽኑን ተበላሽቷል ብሎ ይጥላል፣ ያረጀው ግን ፓዱ ነው።