የታዛዋ ሐይቅና ስደተኛው ዓሣ

ጃፓንን ለማየት የሚሄድ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የቶኪዮን ፎቅና የፉጂን ተራራ ተመልክቶ «አገሩን አየሁት» ብሎ ይመለሳል። እኛም እንደዚሁ ልንመለስ ተቃርበን ሳለን፣ በሰሜን በኩል በአኪታ ግዛት ታዛዋ የሚባል ሐይቅ መኖሩንና በጥልቀቱም ከጃፓን ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ መሆኑን ሰማንና ጉዟችንን ወደዚያ አቀናን። ለአንባቢዎቻችን የምናጫውተው ስለ ሐይቁ ውበት ብቻ ሳይሆን ውበቱ ስለ ሸሸገው ነገር ጭምር ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፈጣኑ ባቡር ከቶኪዮ ተነሥቶ ሦስት ሰዓት ያህል ከተጓዘ በኋላ ታዛዋኮ ከተባለው ጣቢያ አወረደን። «ኮ» በጃፓንኛ ሐይቅ ማለት ነው። ከዚያ በአውቶቡስ ጥቂት እንደ ሄድን ዛፉ ተገለጠና ውሃው ታየ። ሰማያዊ ነው ብንል አሳነስነው፤ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። ሐይቁ እንደ ምጣድ ክብ ሲሆን ዙሪያው 20 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱም 423 ሜትር ያህል ነው። በቢሾፍቱ ሆራ ዳር የዋለ አንባቢ አፈጣጠሩን ሳይገምት አይቀርም፤ ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መሬቱ ወደ ውስጥ ስለ ሰመጠ የተገኘ ነው ተብሎ ይታመናል። ከጥልቀቱም የተነሣ፣ አገሩ በበረዶ በሚሸፈንበት ወራት እንኳ ይህ ሐይቅ አይረጋም።

በምዕራቡ ዳርቻ በ1968 ዓ.ም. የቆመ፣ እንደ ወርቅ የሚያበራ የአንዲት ልጃገረድ ሐውልት አለ። ታትሱኮ የተባለችው ይህች ቆንጆ፣ ውበቷ ለዘላለም እንዳይረግፍ ካኖን ለምትባለው የርኅራኄ አምላክ ብትጸልይ፣ ከአንድ ምንጭ እንድትጠጣ ተነገራት ይባላል። ጠጣች፤ ጥሟ ግን አልቆረጠም። ጠጥታ ጠጥታ በመጨረሻ ዘንዶ ሆነችና የሐይቁ ጠባቂ ሆና ቀረች። እናቷ ፍለጋ መጥታ ይህን ባየች ጊዜ በእጇ የያዘችውን ችቦ በኀዘን ወደ ውሃው ወረወረችው፤ ችቦውም ዓሣ ሆኖ ዋኘ። ያም ዓሣ ኩኒማሱ ነው።

ተረቱን ትተን ወደ እውነቱ ስንመጣ፣ ኩኒማሱ ከታዛዋ በቀር በሌላ ውሃ በተፈጥሮ የማይገኝ፣ መልኩ ጠቆር ያለ፣ በጥልቁ የሚኖር ዓሣ ነበር። ያገሩ አጥማጆች ይተዳደሩበት ነበር።

ታዲያ ከሐይቁ አጠገብ ታማጋዋ የሚባል ወንዝ ይወርዳል። ወንዙ በተራራው ላይ ካለ ፍል ውሃ ብርቱ አሲድ ይዞ ስለሚመጣ ሕዝቡ «መርዝ ውሃ» ይለው ነበር፤ ለሩዝ ማሳም አይበጅም ነበር። ስለዚህ አንድ ዕቅድ ወጣ። ወንዙ ወደ ሐይቁ ቢገባ አሲዱ በብዙው ውሃ ይቀጥናል፤ የቀጠነው ውሃ ማሳ ያጠጣል፤ ሲወርድም ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበርና እህልና ኃይል በብርቱ ይፈለጉ ነበር። በ1940 ዓ.ም. ውሃው ተለቀቀ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ኩኒማሱ ከሐይቁ ጠፋ፤ አጥማጆቹም መረባቸውን ሰቀሉ።

በ1990ዎቹ ዓሣውን በሕይወት ላገኘ ሰው እስከ 5 ሚሊዮን የን ሽልማት ተነገረ፤ ያገኘ ግን አልነበረም። በ2010 ዓ.ም. የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቴትሱጂ ናካቦ ሳካናኩን የተባለውን የዓሣ ሠዓሊ የኩኒማሱን ሥዕል እንዲሠራ ጠየቁት። ሠዓሊው ለማመሳከሪያ ብሎ በፉጂ ተራራ ግርጌ ካለው ከሳይኮ ሐይቅ ሌላ ዓይነት ዓሣ ቢያስመጣ፣ ከመጡት መካከል ጠቆር ያሉት ግራ አጋቡት። ሲመረመሩም ኩኒማሱ ሆነው ተገኙ። ለካስ ጥፋቱ ከመድረሱ በፊት፣ በ1935 ዓ.ም. 100,000 ያህል እንቁላል ወደ ሳይኮ ተልኮ ኖሯል! ፉጂን ለማየት የሚጎርፈው እንግዳ ሁሉ ስደተኛውን ዓሣ ሳያውቀው አልፎታል፤ እኛም ጭምር።

በ2017 ዓ.ም. በታዛዋ ዳር ስለዚህ ዓሣ የሚያስረዳ ቤተ መዘክር ተከፍቷል። ገብተን ሕያዉን ኩኒማሱ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ አየነው። የአያቶቹ ሐይቅ ከደጁ ነው፤ ሊገባበት ግን አይችልም። ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ የወንዙን አሲድ በኖራ ድንጋይ የሚያበርድ ተቋም ይሠራል፤ የላይኛው ውሃ ተሻሽሏል፤ የጥልቁ አሲድ ግን ገና አልለቀቀም። ያን ያህል ያማረን ሰማያዊ ውሃ ዳግመኛ ስናየው ልባችን ከበደው።

ነገ በየቢሮው ማኅተም የሚጨብጡ ወጣት አንባቢዎቻችን ይህን እንዲያስቡ እንወዳለን። ያን ዕቅድ ያወጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ለሕዝቡ ሩዝና መብራት ፈለጉ። ሩዙ ተመዘነ፣ መብራቱ ተመዘነ፤ ዓሣው ግን ቀልሎ ታየ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንዲሉ፣ በአንድ ዓመት የተለቀቀው ውሃ ያደረሰው ጉዳት ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶም አልዳነም። በሌላ በኩል ደግሞ እንቁላሉን ወደ ሩቅ ሐይቅ የላኩት እጆች፣ ሳያውቁት አንድን ፍጥረት ከጥፋት አዳኑ። ሁለቱም ሥራ የተሠራው በአንድ ትውልድ ነው።