ምዕራፍ 4፦ ከመሄድ አስቀድሞ መቆምን ስለ መማር

ሞተር ሳይክል ለመግዛት ቆርጦ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ነዳጅ አጠጣጡና ስለ ዋጋው ነው እንጂ፣ «ይህ ነገር እንዴት ይቆማል?» ብሎ የጠየቀ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሆኖም በካፋዋ ከተማ በቦንጋ ዳገትና ቁልቁለት ሞተር ሲነዱ የኖሩትን ጠይቄ እንደ ተረዳሁት፣ ራሴም ወድቄና ተነሥቼ እንዳረጋገጥሁት፣ የዚህ ጥበብ ፊደሉ መቆም ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ዳዊት እንደማይደግም ሁሉ፣ መቆምን ያልተማረም መሄድን ተማረ ሊባል አይገባውም።

የካፋ ሰው ከጥንት ጀምሮ ወደ አዲዮና ወደ ጌሻ ደጋ በፈረስና በበቅሎ ሲመላለስ የኖረ እንደ መሆኑ መጠን፣ ሞተርንም በቅሎን በሚያይበት ዓይን ማየቱ የተገባ ይመስላል። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ታላቅ ነው። በቅሎ ጌታዋ በላይዋ ላይ ቢያንቀላፋ እንኳ፣ ከገደል አፋፍ ስትደርስ ጆሮዋን ቀስራ ቀጥ ትላለች፤ ረግረግ ስታይ በአፍንጫዋ አሽትታ፣ በሰኮናዋ ነካ አድርጋ፣ ካልወደደችው ወደ ኋላዋ ታፈገፍጋለች። ሞተር ግን ነፍስ የሌለው ብረት ስለ ሆነ ማየቱም፣ መፍራቱም፣ ማመዛዘኑም ሁሉ በነጂው ላይ ብቻ ይወድቃል፤ ነጂው በሳተበት ቅጽበት የሚያስተውልለት ሌላ ፍጡር የለም። ይህን አስቀድሞ በልቡናው ያሳደረ ጀማሪ ከትምህርቱ እኩሌታውን እንደ ፈጸመ እቆጥረዋለሁ።

ጀርመናውያኑ ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ በ1885 እ.ኤ.አ. በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ሞተር አሳርፈው የመጀመሪያ ተሽከርካሪያቸውን ሲሠሩ፣ እንዳይወድቅ ግራና ቀኝ የሚደግፉት ሁለት ትናንሽ ጎማዎች ጨምረውለት ነበር። የሞተር ሳይክል አባቶች የሚባሉት ሰዎች ራሳቸው ከመሮጡ ይልቅ ቆሞ መዋሉ አስጨንቋቸው እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን። የዛሬው ሞተር ድጋፍ ጎማ የለውም፤ በድጋፉ ፈንታ የገባው የነጂው ችሎታ ነው።

ይህም ችሎታ ለአራቱ የሰውነት ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ግራ እጅ ፍሪሲዮን ይይዛል፣ ግራ እግር ማርሽ ይለውጣል፣ ቀኝ እጅ ነዳጅ ይሰጣል የፊቱንም ፍሬን ይጨብጣል፣ ቀኝ እግር የኋላውን ፍሬን ይረግጣል። በማኅሌት የቆመን ደብተራ ያስተዋለ ሰው፣ መቋሚያው በአንድ እጁ፣ ጸናጽሉ በሌላው፣ እግሩ በወረቡ፣ አንደበቱ በዜማው ሲሠማራ አንዱ አንዱን እንደማያውክበት አይቷል። ያ ስምምነት በአንድ ቀን እንዳልመጣ ሁሉ የነጂውም እንደዚያው ነው፤ እያንዳንዱ እጅና እግር አስቀድሞ ለብቻው መለመድ አለበት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት መንገድ ላይ ሳይሆን በገላጣ ሜዳ ላይ ይሁን፤ ደረቅ የኳስ ሜዳ ከተገኘ ከዚያ የሚሻል የለም። ሞተሩን አስነሥቶ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ጨብጦ፣ አንደኛ ማርሽ ካስገባ በኋላ፣ ጀማሪው ነዳጅ ሳይሰጥ ፍሪሲዮኑን እንደ ፀጉር ውፍረት በጥቂት በጥቂቱ ይልቀቀው። ጣቶቹ በግማሽ መንገድ ሲደርሱ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይወፍራል፣ መሪው በመዳፍ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ መንኰራኵሩም ለመሄድ ያስባል፤ በቋንቋችን «ያዘ» የሚባለው ይህ ነጥብ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ጣትን አጽንቶ መቆየት፣ አሥር እርምጃ ያህል በእግረኛ ፍጥነት መሄድ፣ መልሶ ጨብጦ፣ ሁለቱንም ፍሬን በለስላሳው ይዞ መቆም፣ ግራ እግርን መሬት ማስነካት፤ ከዚያም እንደገና መጀመር። እኔ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ከዚህ በቀር ሌላ ምንም አልሠራሁም፤ የሚያስተምረኝም ወጣት ሁለተኛ ማርሽ ላስገባ ስል፣ «ጋሼ፣ ገና ነው፤ መጀመሪያ እሷን ይመኗት፣ እሷም ትመንዎ» እያለ ይከለክለኝ ነበር። በዚያን ጊዜ መሰልቸቴን አልሸሽግም፤ ዛሬ ግን ከልቤ አመሰግነዋለሁ።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የማርሽ ሥርዓት በሞተሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአንዳንዱ ማርሹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይገባል፣ በሌላው አንደኛው ወደ ታች ሌሎቹ ወደ ላይ ናቸው። የጓደኛ ሞተር የሚዋስ ሰው ቁልፍ ከመቀበሉ በፊት ይህን ይጠይቅ፤ ማርሽ የቀነሰ መስሎት የሚጨምር ሰው በቦንጋ ቁልቁለት ምን እንደሚገጥመው መናገር አያሻም።

አሁን ወደ ፍሬኑ እንመለስ። በካፋ ገጠር ብቻ ሳይሆን በአገራችን በብዙ ሥፍራ፣ «የፊቱን ፍሬን አትንካ፣ ይገለብጥሃል» የሚል ምክር ከአስተማሪ ወደ ተማሪ ሲወራረድ ይኖራል። ምክሩ ከፍርሃት የመነጨ ስለ ሆነ ከፊሉ እውነት፣ የሚበዛው ግን ጎጂ ነው። ተሽከርካሪ ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይጋደላል፤ የኋላው ጎማ ቀልሎ መሬቱን ላላ አድርጎ ሲይዝ፣ የፊተኛው ይበልጥ ይነክሰዋል፤ ስለዚህም በደረቅ አስፋልት ላይ የማቆሙን ሥራ አብዛኛውን የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው። የሚገለብጠው ፍሬኑ ሳይሆን ድንገት አፈፍ አድርጎ መያዙ ነው። ሎሚ የሚጨምቅ ሰው እንደሚያደርገው በዝግታ ጀምሮ እያጠበቁ መሄድ ይገባል።

አሜሪካዊው ሊቅ ሃሪ ኸርት ከረዳቶቹ ጋር በሎስ አንጀለስ የደረሱ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በየሥፍራው እየተገኘ መርምሮ በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ አደጋ የደረሰባቸው ነጂዎች በጭንቅ ጊዜ የኋላውን ፍሬን አጥብቀው ረግጠው ሲንሸራተቱ፣ የፊተኛውን ግን እንደሚገባ እንዳልተጠቀሙበት ገልጧል። ከመቶ 92ቱም ራሳቸውን በራሳቸው ያስተማሩ ወይም ከዘመድና ከወዳጅ የተማሩ ነበሩ፤ ከግማሽ የሚበልጡትም አደጋ በደረሰበት በዚያው ሞተር ላይ ገና አምስት ወር አልሞላቸውም። ካሊፎርኒያ ከካፋ ሩቅ ብትሆንም፣ ይህን ባነበብሁ ጊዜ የሰፈራችን ልጆች በፊቴ ድቅን አሉብኝ።

ፍጥነትም የራሱ ሒሳብ አለው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ያልፋል፤ በ60 የሚሄደው ወደ 17 ሜትር ይጠጋል፤ ይኸውም ገና ፍሬኑን ሳይነካ፣ በድንጋጤ ብቻ የሚያልፈው ርቀት ነው። ከነካው በኋላ ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው መንገድ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ጥጃ ከቡና ጥላ ሥር ብድግ ብሎ መንገድ ሲገባ፣ ነጂውን የሚፈርድበት ይህ ሒሳብ ነው።

ከሁሉ ይልቅ በልቤ የሚመላለሰው ግን የቁልቁለቱ ነገር ነው። ከጊምቦ አልፎ ወደ ጎጀብ ወንዝ የሚወርደውን የጅማ መንገድ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ብዙ ነጂ ቤንዚን ለመቆጠብ ሲል ማርሹን ፎሌ ያደርጋል፤ አልፎ ተርፎም ሞተሩን አጥፍቶ በዝምታ ይንደረደራል። ነፋሱ ጆሮ ላይ ያፏጫል፣ መንገዱ የሚያልቅ አይመስልም፣ ልብም ደስ ይለዋል። ነገር ግን በማርሽ ያለ ሞተር ነዳጅ ሲነፈገው መንኰራኵሩን ወደ ኋላ እየጎተተ የሚይዝ ሦስተኛ ፍሬን ነው፤ ፎሌ ያደረገ ሰው ይህን ፍሬን በገዛ እጁ ጥሎ፣ ሸክሙን ሁሉ በሁለቱ ላይ ጫነ ማለት ነው። እነዚያም ረጅም ጊዜ ሲያዙ ይግላሉ፣ ሲግሉም ይሰንፋሉ፣ እግር እየረገጠ እነርሱ አይታዘዙም። የሚተርፈው ቤንዚን ከአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ላይበልጥ፣ አንድ ሰው ሕይወቱን በዚህ መለወጡ ያሳዝነኛል። ደንቡ አጭር ነው፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ፣ ማርሹንም ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀንስ።

የካፋ ዝናብ ብዙ ነው፤ ደኑንና ቡናውን ያኖረው እርሱ ስለ ሆነ የምናመሰግነው እንጂ የምናማርረው አይደለም። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቀበሌ የሚገባው ቀይ አፈር ግን ዝናብ ሲነካው በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠባዩን ይለውጣል፤ ላዩ እንደ ቅቤ ይሟልጣል፣ ውስጡ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። በዴቻ በኩል አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ መንገድ ስሄድ፣ ጭቃው ከፊት ጎማው እየተነሣ በፓራፋንጎው ሥር ቀስ በቀስ ተጋገረ፤ መሪው ሲከብደኝ ዳገቱ መስሎኝ ነዳጅ ጨመርሁ፤ ወዲያው ጎማው ታስሮ ቀጥ ሲል እኔ በትከሻዬ ቦይ ውስጥ ገባሁ። የደረሰ ገበሬ አንሥቶኝ፣ የቡና እንጨት ቆርጦ ጭቃውን እየፈለፈለ፣ «አይዞህ ልጄ፣ መሬቱ ሲይዝህ አትታገለው፣ ወርደህ ጠይቀው» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ክንድ የሚያህል እንጨት ከኮርቻው ጎን አስሬ እሄዳለሁ፤ መሪው ሲከብድም ነዳጅ መጨመሬን ትቼ እቆማለሁ። በጭቃ ላይ ፍሬን ሁሉ በጣት ጫፍ መሆን አለበት፤ ማርሽ ዝቅ ያለ፣ ነዳጅ ያልተዋዠቀ፣ ሰውነትም የተዝናና ይሁን። ለጀማሪ ግን ከሁሉ የሚበጀው ጊዜን መምረጥ ነው፤ ካፋዎች የዘመን መለወጫቸውን ማሽቃሮን ካከበሩ በኋላ፣ ከባዱ ዝናብ ቀለል ሲል ልምምዱን ቢጀምር መሬቱ ይታገሠዋል።

ዓይንም የራሱ ምዕራፍ ይገባው ነበር። ሰውነት ዓይን ወደ ተተከለበት ይከተላልና፣ ጉድጓዱን የሚፈራና ጉድጓዱን የሚያይ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። በየወንዙ ላይ ከግንድ የተረበረቡ ጠባብ ድልድዮች ይህን በሚገባ ያስተምራሉ፤ በእንጨቶቹ መካከል ወደሚታየው ውኃ የተመለከተ ይንቀጠቀጣል፣ ከማዶ ባለው አፈር ላይ ዓይኑን የተከለ ግን እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይሻገራል። ጀማሪው ወርዶ ሞተሩን እየገፋ ቢሻገር ደግሞ ምንም ነውር የለበትም።

የራስ ቆብን ነገር በእንግሊዛዊው መኰንን፣ የዓረቢያው ሎውረንስ በሚባለው፣ ታሪክ ማስረዳት እወዳለሁ። እርሱ በግንቦት 1935 እ.ኤ.አ. ከሞተሩ ወድቆ ራሱ ተጎድቶ በስድስተኛው ቀን ሲሞት፣ ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው ሂዩ ኬርንስ በነገሩ ልቡ ተነክቶ፣ ስለ ሞተረኞች የራስ ጉዳት ሲመረምር ኖሮ በ1941 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ አወጣ፤ የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞች ቆብ እንዲያደርጉ የታዘዘውም በዚህ ጥናት ምክንያት ነው። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያገናዘቡ ሊቃውንት ቆብ የሞትን አደጋ ከመቶ 42፣ የራስ ጉዳትን ከመቶ 69 ያህል እንደሚቀንስ ደርሰውበታል። የአገራችንም ሕግ ያዛል። በየመንገዱ ግን ቆቡ በክርን ላይ ተንጠልጥሎ፣ የትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ብቻ ወደ ራስ ሲወጣ አያለሁ፤ ማሠሪያው ያልተቆለፈ ቆብም ገና ሰውዬው መሬት ሳይደርስ ቀድሞት ይሄዳል። ከኋላ ለሚቀመጠውም ሌላ ቆብ ያስፈልጋል። እናቶችና እኅቶች ከኋላ ሲቀመጡ ደግሞ የነጠላቸውን ጫፍ ሰብስበው በጉያቸው ሥር እንዲያደርጉ ነጂው ሳያፍር ይንገራቸው፤ «እማማ፣ ነጠላዎን» የሚለው ቃል በካቴናውና በጎማው ከሚመጣው አደጋ ያድናል። ለጀማሪ ግን ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰው አለመጫኑ ይሻላል።

በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በወንጀል ምክንያት ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ ታግዶ እንደ ነበር ይታወሳል። በካፋ ገጠር ግን የግብርና ባለሙያውም፣ የክትባት ሣጥን የሚያደርሰውም፣ ማር ይዞ ገበያ የሚወርደውም በሞተር ነው፤ ስለዚህ ልጆቻችን ከሞተር እንዲርቁ ከመመኘት፣ በሥርዓት እንዲማሩና መንጃ ፈቃድ ይዘው እንዲወጡ ማድረግ የእኛ ዕዳ ነው።

ሜዳው ከተለመደ፣ መቆሙም ያለ ሐሳብ እጅና እግር ላይ ከመጣ በኋላ፣ የመጀመሪያው ጉዞ ከቦንጋ ወደ ውሽውሽ የሻይ እርሻ ቢሆን እወዳለሁ። በማለዳ ጉሙ ተገፎ፣ አስፋልቱ ከጠዛ ሲደርቅ መነሣት ነው። ከመነሣት በፊት ካቴናውን ከታች በጣት ወደ ላይ ገፋ ማድረግ፤ ሁለት ጣት ያህል ከተንቀሳቀሰ ደኅና ነው፣ ከዚያ በላይ ከረገበ ይጥበቅ። ጎማውን መጨበጥ፣ ሁለቱንም ፍሬን መሞከር፣ ስፖኪዮውን ማስተካከል። ከዚያም ከሦስተኛ ማርሽ ሳያልፉ፣ የጭነት መኪና ከኋላ ሲመጣ ቀኝ ይዘው እያሳለፉ፣ የሻይ ተክሉ ኮረብታውን እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ ለብሶ እስኪታይ ድረስ መሄድ፤ እዚያም ከመንገዱ ወጣ ብሎ፣ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ፣ ሁለቱን ፍሬን በለስላሳው ይዞ፣ ግራ እግርን መሬት አስነክቶ መቆም።