ዘውዱና ግምጃ ቤቱ

የብሪታኒያ የመንግሥት ሥርዓት ሕገ መንግሥታዊ ዘውዳዊ ሥርዓት ይባላል፤ በዚህ ሥርዓት ንጉሡ ዙፋን በዘር ወርሰው ርእሰ ብሔር ይሆናሉ፣ አገር የሚያስተዳድሩት ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩና ካቢኔያቸው ሲሆኑ ተጠሪነታቸው ለፓርላማ ነው። አገሪቱ በአንድ ሰነድ የተጠቃለለ ሕገ መንግሥት ስለሌላት የዘውዱ ሥልጣን የተገደበው በየዘመኑ በወጡ ሕጎችና በጸና ልማድ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን የነገሥታቱን እጅ ያሰረው የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ቻርለስ 1ኛ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር በማስከፈላቸው ከእንደራሴዎች ጋር ተቃቅረው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1642 ወታደር አስከትለው አምስት እንደራሴዎችን ለመያዝ ምክር ቤቱ ድረስ ገቡ፤ የእርስ በርስ ጦርነት ተከተለ፣ ንጉሡም በ1649 በለንደን አንገታቸው ተቀላ። በ1689 የወጣው የመብቶች ሕግ ፓርላማ ሳይፈቅድ ለዘውዱ ግብር መሰብሰብን ሕገ ወጥ አደረገው።

የዚያ ጠብ አሻራ ዛሬም በዌስትሚንስተር ቤተ መንግሥት በፓርላማ መክፈቻ ቀን ይታያል። ንጉሡ በላይኛው፣ ማለትም በሎርዶች ምክር ቤት ዙፋን ላይ ተቀምጠው እንደራሴዎችን ለመጥራት ጥቁር በትር የያዘ መልእክተኛ ሲልኩ፣ የታችኛው ምክር ቤት በር ፊቱ ላይ ይዘጋበትና በበትሩ ሦስት ጊዜ ካንኳኳ በኋላ ብቻ ይከፈትለታል። ንጉሡ የሚያነቡትን ንግግር የሚያዘጋጀው መንግሥት ነው፤ ከንግግሩም ውስጥ የበጀት ግምት እንደሚቀርብ የምታስታውቀው ዓረፍተ ነገር የምትነገረው ለታችኛው ምክር ቤት አባላት ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ገንዘብ የመፍቀድ ሥልጣን የተመራጮቹ ነው።

በጀቱን ለምክር ቤቱ የሚያቀርቡት የገንዘብ ሚኒስትሩ ናቸው። ከ1911 ወዲህ ሎርዶቹ የገንዘብ ሕግን ከአንድ ወር በላይ ማዘግየት አይችሉም፤ ንጉሡም ያጸድቃሉ እንጂ አይከለክሉም፣ አንድ ነጋሢ የጸደቀ ረቂቅን ለመጨረሻ ጊዜ አልፈርምም ያሉት በ1708 ነበር። የወለድ መጠንን ደግሞ ከ1997 ጀምሮ የሚወስነው በ1694 የተቋቋመው የእንግሊዝ ባንክ ነው፤ ይህም ባንክ መጀመሪያ የተመሠረተው ለንጉሥ ዊልያም 3ኛ መንግሥት የጦርነት ወጪ ለማበደር ነበር።

የንጉሡ መተዳደሪያም ከዚሁ ሥርዓት አያመልጥም። ጆርጅ 3ኛ በ1760 የዘውዱን ርስት ገቢ ለመንግሥት አስረክበው በምትኩ ዓመታዊ ድጎማ ተቀበሉ። ዛሬ የለንደኑን ሪጀንት ስትሪትና የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉበትን የባሕር ወለል ጭምር የሚያስተዳድረው የዘውድ ርስት ድርጅት ትርፉን ለግምጃ ቤት ያስገባል፤ ለንጉሡ ሥራ የሚከፈለው ድጎማም በዚያ ትርፍ መቶኛ ይሰላል፣ ስሌቱም ከ2024 ጀምሮ 12 በመቶ ሆኗል። ዘውዱ እስከ ዛሬ የቆየው ቦርሳውን በጊዜ ስላስረከበ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 በእንግሊዟ ባዝ ከተማ በስደት የኖሩት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ይህን ሥርዓት በቅርብ አይተውታል። ሆኖም በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩን የመሾምና የመሻር ሥልጣንን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ አስቀረ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለፓርላማ ተጠሪ የሚያደርገው ረቂቅ የተዘጋጀው በ1966 ዓ.ም. ክረምት ሲሆን፣ ሥራ ላይ ሳይውል መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።